የወይዘሮ ውድነሽ ሦስት ቀጠሮ

በአንድ ወቅት፣ ጨፌ በር በምትባል የቆላ ከተማ፣ ወይዘሮ ውድነሽ የሚባሉ ጡረተኛ ይኖሩ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በከተማዋ ስልክ ቤት ተቀምጠው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ናቸው። ሠርጉም፣ መርዶውም፣ የምሥራቹም በጆሯቸው አልፏል። በኋላ ስልክ በየሰው ኪስ ገባ፤ ስልክ ቤቱ ተዘጋ፤ ባላቸውም ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። ቤታቸው ውስጥ ከግድግዳ ሰዓቱ በቀር ትንፍሽ የሚል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አመጡ። ጠዋት ጠዋት ወደ አቶ ወርቅአለማሁ ሱቅ ይሄዱና የማይገዙትን ዕቃ ዋጋ ይጠይቃሉ። ሻጩ እንዳሻው የሚባል የልጆች አባት ነው።

«ይኼስ ስንት ነው?» ይሉታል። ይነግራቸዋል።

«ኤዲያ፣ ተወደደ!»

«ምን ያልተወደደ አለ፣ እትዬ?»

በቃ፣ የቀኑ ጨዋታቸው ይቺው ነበረች።

አንድ የገበያ ቀን ሱቁ በሰው ተጨናንቆ አገኙት። ትንሽ ራዲዮ አንስተው «እንዳሻው፣ ይቺስ?» አሉ። አልሰማቸውም። ደግመው ጠየቁ። አንድ ጎረምሳ በክንዱ ገፋ አድርጓቸው ከፊታቸው ቆመ። ለራዲዮዋ የሚበቃ ገንዘብ በመቀነታቸው ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። እሳቸው ግን ራዲዮዋን እንደያዙ ቀስ ብለው ወደ በሩ አመሩ። ደፉን ሲሻገሩ «እርስዎ! ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ ጠበቁ። ማንም አልጠራቸውም። ቤታቸው እስኪደርሱ ማንም አልጠራቸውም። ራዲዮዋን ሳይከፍቷት አልጋቸው ሥር ከተቷት።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሱቁ ሲሄዱ ባንኮኒው ጋ ያገኙት ባለቤቱን አቶ ወርቅአለማሁን ነው።

«እንዳሻውስ?»

«ይተዉት፣ እትዬ። ራዲዮ ሰርቆኝ ጣቢያ ገብቷል። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ።»

ወይዘሮ ውድነሽ ወዲያው ዞረው ወጡ። ቤታቸው ተመልሰው ራዲዮዋን በነጠላቸው ሸፍነው አመጡና ባንኮኒው ላይ አኖሯት።

«የወሰድኳት እኔ ነኝ» አሉ።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

እንዳሻው በዚያው ቀን በዋስ ወጣ፤ ክሱ ግን አልተነሳም። ነገሩም ከተማዋን አዳረሰ።

መጀመሪያ የደረሱት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምመላሽ ናቸው። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው መጡ።

«ውድነሽ፣ ነገሩ አልቋል» አሉ። «ድንጋይ ተሸክመን ወርቅአለማሁን ይቅር አስብለነዋል። ሐሙስ ጠዋት ዋርካው ሥር ትመጪና ‹ረስቼ ይዤ ወጣሁ› ትያለሽ። እርጅና ነው ይባላል፤ ያልፋል።»

«አልረሳሁምኮ።»

«አውቃለሁ። ግን በዚህ ዕድሜሽ ሌባ ተብለሽ እንድትሞቺ አንፈልግም። የእኛ ሰው ነሽ።»

«እንዳሻውስ?»

«ዕቃው ተገኘ ብለን ክሱ እንዲነሳለት እንለምናለን። ይበቃዋል።»

በማግስቱ የቀበሌው ማህበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ወይዘሮ ሙሉጎጃም መጡ። ቁጭ እንኳ አላሉም።

«ዋርካ ሥር የተሸፈነ ነገር ውሎ አድሮ ይገማል» አሉ። «ዕቃዋ ትንሽ፣ ሰዎቹም የአንድ ቀበሌ ሰዎች። ጉዳዩ የእኛ ነው። ባለሱቁን አነጋግሬ መስማማቱን አስፈርሜዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት በሰፈሩ ሰው ፊት ያምናሉ፤ እንዳሻውን ይቅርታ ይጠይቁታል። ከዚያ ሦስት ወር ሱቁ ውስጥ እየዋሉ ያገለግላሉ።»

ሱቅ ውስጥ መዋል! ወጪ ወራጁን እያዩ፣ እንደምን አደራችሁ እያሉ! የወይዘሮ ውድነሽ ልብ በደስታ ዘለለ፤ ወዲያውም በመዝለሉ አፈሩ።

«እንዳሻውስ ሱቁ ውስጥ ከእኔ ጋር መቆም ይፈልጋል?» ሲሉ ጠየቁ።

 «አልጠየቅነውም» አሉ ወይዘሮ ሙሉጎጃም።

የሁለቱም ሐሳብ ግን የወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ፤ የእንዳሻው መዝገብ ያለው እዚያ ነዋ። ረቡዕ ዕለት ጋሽ ደምመላሽ በአንድ በኩል፣ ወይዘሮ ሙሉጎጃም በሌላ በኩል ሆነው መዝገቡ እንዲዘጋ ለመኑ። ወይዘሮ ውድነሽም ተጠርተው ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዳኛው ዮናታን የሚባሉ ገና ሠላሳውን ያልዘለሉ ወጣት ናቸው።

«ስርቆት ወንጀል ነው» አሉ። «ወንጀል ደግሞ የባለሱቁ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥትም ጉዳይ ነው። ይቅርታችሁ ቅጣት ያቀል ይሆናል እንጂ መዝገብ አይዘጋም። እዚህ ላይ እንዳሻው ተከሳሽ ተብሎ ተጽፏል። በጽሑፍ የገባ ስም የሚወጣው በጽሑፍ፣ የወሰደው ሰው እዚህ ቃሉን ሲሰጥ ነው።»

ከዚያ ቀና ብለው ወደ ኋላ ተመለከቱ። «እማማ፣ ለምን ወሰዱት?»

ይህን እስከዚያች ሰዓት ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ወይዘሮ ውድነሽ ተነስተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ዛሬ አይመልሱ» አሉ ዳኛው። «ነገ ሐሙስ ጠዋት፣ በችሎት።»

«ልታሰር እችላለሁ?»

«ይችላሉ።»

ሲወጡ እንዳሻው በሩ ላይ ቆሟል።

«ወዴት ልሂድልህ፣ ልጄ?» አሉት።

እንዳሻው መሬት መሬቱን አየ። «እርስዎን ማሳሰር አልፈልግም፣ እትዬ» አለ። «ግን ልጄ ትናንት የሌባ ልጅ ተብላ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች።» ተሰናብቷቸው ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ውድነሽ ፊታቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ከቤታቸው ዝቅ ሲሉ መንገዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል። በግራ ዋርካው ሥር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ የቀበሌው ግቢ ውስጥ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ በቀኝ የችሎቱ ደወል ሊደወል ነው። ወደ አንዱ ከሄዱ ለሌሎቹ ሁለቱ አይደርሱም። አብሯቸው የቆመ፣ ይሻላል ብሎ የሚመክራቸውም ሰው አልነበረም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ፍረዱ። ለወይዘሮ ውድነሽ ዳኛ መሆን የሚገባው ማን ነው? ስማቸውን ሊሸፍንላቸው የለመነው ነው? ከሰው መሐል ሊመልሳቸው የፈረደው ነው? ወይስ ሊያስራቸው የሚችለው፣ ለምን ብሎ የጠየቃቸው? ስትፈርዱም እንዳሻውን አትርሱ። እናንተ ብትሆኑ ወዴት ትልኳቸዋላችሁ?