የኤሊዋ እንግዳ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። አንዲት ሁሉን ማወቅ የምትወድ ኤሊ ክንፏ ተሰብሮ ከጎጆዋ የወደቀች የወፍ ጫጩት አገኘች። በቅርፊቷ ከፀሐይ እየጋረደች፣ ትል እየለቀመች አስታመመቻት። ጫጩቷ ግን ሁልጊዜ ሽቅብ ታንጋጥጣለች።

«ልጄ፣ ምን ታያለሽ?»

«ቤቴን፣ እማማ።»

«ቤትማ ጀርባ ላይ ነው!» ብላ ኤሊዋ የጫጩቷን ጀርባ ብታየው ላባ ብቻ ሆነባት።

ክንፏ ሲድን ጫጩቷ ብር ብላ ሽቅብ ወጣች። ኤሊዋም የት እንደገባች ለማየት ድንጋይ ላይ ስትንጠላጠል ተንሸራተተችና በጀርባዋ ተዘረረች።

ዝንጀሮ ሲያልፍ አይቷት ደነገጠ። «እማማ፣ እንዲህ ሆነው እኮ ይሞታሉ! ላቃናዎት?»

ኤሊዋ ዐይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል፣ «ትንሽ ቆይማ ልጄ» አለችው። «የልጅቷን ቤት አይቼ ልጨርስ።»