የጽዱ መዓዛ የበረታ ሰሞን

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ አንበሳ፣ ቀበሮ፣ ጅብና አህያ ከአንዲት ትንሽ ምንጭ ይጠጡ ነበር። ምንጯን ከፀሐይ የሚጋርዳት አንድ ትልቅ ጽድ ነው። በአገራቸው ሥርዓት ጠጥቶ የሚሄድ ሁሉ የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ ሳይውጥ ከጽዱ ግርጌ ያፈስሳል። ይህ «የጥላ ድርሻ» ይባላል።

ድርቁ ሲከፋ የጽዱ መዓዛ በረታ። ቀትር ላይ ሸለቆውን ሁሉ ያውደው ጀመር።

«እሰይ!» አለ ቀበሮ። «ጌታዬ አንበሳ፣ ያሽትቱት እንጂ! የተጠማ ዛፍ እንዲህ ያውዳል? የእኛ ምላስ ደርቆ እሱን ማጠጣት ምን ይሉታል? የጥላ ድርሻ ይቅር።»

«እውነቱን ነው!» አለ ጅብ። «እኔ ስጠማ አፌ ይሸታል።»

«አያ ጅቦ፣ አንተማ ስትጠግብም ነው» አለች አህያ። ሁሉም ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ጌታዬ፣ ይህን ሥርዓት ባንተወው ይሻላል። ሟቹ ባሌ በመጨረሻው ሰሞን ጨዋታው በዝቶ ነበር። እኔም ዳነልኝ ብዬ አብሬው ሳቅሁ። ለካ የቀረችውን ጉልበት ነበር የሚያወጣው። ይህም ዛፍ እንደዚያው እንዳይሆን እፈራለሁ።»

«እመት አህያ፣ ኀዘንተኛ ሁሉን በኀዘኑ ያያል» አለ ቀበሮ ለስለስ ብሎ።

አንበሳም ጠምቶት ነበርና ለቀበሮ ፈረደ።

አህያ ብቻዋን ማፍሰሷን አልተወችም፤ አንድ ጉንጭ ግን ለዚያ ሁሉ ሥር ምኑ ይሆናል? አንድ ቀን ጠዋት መዓዛው ጠፋ።

«ጉንፋን ያዘኝ መሰለኝ» አለ ጅብ አፍንጫውን እየጠራረገ።

ቀና ብለው ሲያዩ ቅጠሉ ነድዶ ቀልቷል። ቅጠሉ ረግፎ ጥላው ሲጠፋ ፀሐይ ምንጯ ላይ ዐረፈች፤ ምንጯም ጭቃ ሆነች።

«ምነው ሳይነግረን!» አለ አንበሳ።

«ነግሮን ነበር፣ ጌታዬ። ደስ ስላለን ነው ያልሰማነው» አለች አህያ።

አንበሳ አቀረቀረ። ቀበሮ ከሁሉም ኋላ ቆመ። አሁን የቀራቸው ውሃ ፍለጋ መሰደድ ብቻ ነበር።

«እመት አህያ፣ ከእንግዲህ አንቺ ምሪን» አለ አንበሳ።

«እሺ፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ ልቁምለት።»

ከደረቀው ግንድ አጠገብ ቆመች። ማንም አላቻኮላትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሲጎዳ ይበልጥ የሚጣፍጥ ፍጥረት አለና ደስ ያሰኘንን ሁሉ ደኅና ነው ብለን ሳንጠይቀው እንዳናልፍ ነው።