ለተራራም ለእሑድም

ሐይቁ ዳር ብስክሌት የምትሸጥ፣ አፏ መልስ የማያጣ አንዲት ሴት ነበረች። አንድ እሑድ የእርከን ሥራ ኃላፊው አቶ አንለይ ለተራራ ሥራ በተሰጣቸው የመንግሥት መኪና ሚስትና ልጆቻቸውን ጭነው መጡና ሱቋ በር ላይ ቆሙ።

«አንድ ብስክሌት ምረጪልኝ» አሏት። «እሑድ ልጆቼን የማንሸራሽርበት፣ በአዘቦት ቀን ተራራ የምወጣበት። ሁለት ይግዙ እንዳትዪኝ። የለም ካልሽ ሥራሽን አታውቂም፣ ፈቃድሽ አይታደስም። አለ ብለሽ ሰጥተሽኝ ዳገት ላይ ቢሰበር ደግሞ አጭበርባሪ ነሽ፣ ሱቅሽ ይታሸጋል።»

ሴትዮዋ ብስክሌቶቿን አየች። አንዱን ዳገት አይበግረውም፣ ልጅ ማስቀመጫ ግን የለውም። ሌላው ለልጆች ይመቻል፣ ዳገት ሲያይ ይለግማል። ቀና ስትል መኪናው ታያት። ጎማው ላይ የተራራ ጭቃ ደርቋል፤ ከኋላ ልጆቹ ሸንኮራ ይመጥጣሉ።

«ጌታዬ» አለች እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ «እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ይዘውት መጥተዋል። ሰኞ ተራራ ይወጣል፣ እሑድ ቤተሰብ ያንሸራሽራል። ብስክሌት ግን የሚስማማዎት አይመስለኝም፤ የሚሄደው በባለቤቱ ጉልበት ነው።»