በማስታወሻው ዳር የተጻፈው ስም

በጉባኤያችን አንዲት እናት አሉ፤ ማስታወሻ መያዝ ይወዳሉ። ቃል ሲሰበክ ይጽፋሉ፤ ሬዲዮ ሲሰሙ ይጽፋሉ። መጽሐፍ ሲያነቡም ሆነ ልጃቸው በስልክ የላከችላቸውን ትምህርት ሲያዩ እስክሪብቶ ከእጃቸው አይጠፋም። ታሪካቸውን እንድነግራችሁ ፈቅደውልኛል።

ታዲያ ደብተሩ አሥራ አንድ ደረሰ። ባለፈው ክረምት ጉልበታቸውን አሟቸው ቤት ሲውሉ፣ እስቲ ይህን ነገር መልክ ላስይዘው ብለው ገጾቹን እየገነጠሉ አልጋ ላይ መደርደር ጀመሩ። በርእስ ሞከሩ፤ አልሆነም። ትዕግሥት ያሉት ገጽ ስለ ትዳርም ይሆናል፣ ስለ ልጅም ይሆናል። በኋላ ቀላል መንገድ አገኙ። ለካ በየማስታወሻው ዳር ስም ጽፈዋል። ጥሩ ቃል በሰሙ ቁጥር፣ ይህስ ለእገሌ ነው እያሉ የሰውየውን ስም ያኖሩ ነበር።

ትስቃላችሁ? እኔ ስሰብክ ባሏን በክርኗ ጎሸም የምታደርገዋን ከዚህ ሆኜ አያታለሁ እኮ።

እናም በስም ደረደሩት። ለባለቤታቸው አንድ ክምር፣ ስለ ቁጣ። ለጎረቤታቸው አንድ ክምር፣ ስለ ሐሜት። ለእኔም አንድ ነበር፤ ንግግር ስለ ማሳጠር ነው፤ አልደበቁኝም። ትልቁ ክምር ግን የታናሽ እህታቸው የዘነበች ነበር። ዘነበች እናታቸው ሲቀበሩ አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም።

አልጋው ሞላ። የራሳቸውን ስም ፈለጉ። ገጽ በገጽ ፈለጉ። አንድም ቦታ የለም።

አለቀሱ። ከዚያ የዘነበችን ክምር አንስተው ስሟን እየሰረዙ የራሳቸውን ይጽፉበት ጀመር። ሲጽፉም እንደ አዲስ አነበቡት። ሳይጠይቁ ስለ መፍረድ የሚናገረው ገጽ ላይ ሲደርሱ መቀጠል አቃታቸው። በማግስቱ ጉልበታቸውን በሻሽ አስረው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ዘነበች ቤት ሄዱ።

በሩ ሲከፈት የምክር ቃል አልተናገሩም። "የኔ እናት፣ ያን ጊዜ ምን ሆነሽ ቀረሽ?" ብቻ አሉ።

ዘነበች በሩን እንደያዘች፣ ያን ጊዜ የአምስት ወር ፅንስ ወርዶባት ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር ነገረቻቸው። "እትዬ፣ አንቺ እማዬን እየቀበርሽ ሌላ ሐዘን ልጨምርብሽ አልቻልኩም" አለች። "በኋላ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩሽ።"

ወገኖቼ፣ እኚህ እናት ስድስት ዓመት ሙሉ ለእህታቸው ጻፉ። አንድም ቀን ግን አልጠየቋትም። ክፉ ሰው ሆነው ነው? አይደለም፤ ልባቸውን አውቀዋለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። እኔስ ብሆን? አንድ መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር በልቤ ስንቱን ሰው እገሥጽበታለሁ መሰላችሁ።

መጻፉን አትተዉ። ያነበባችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ ያያችሁትን ሰብስቡ፤ መልክ አስይዙት። ግን አስቀድማችሁ ለራሳችሁ አንብቡት።

አሁንስ፣ እኔ ይህን ስናገር የማን ስም በልባችሁ መጣ? ይህን እገሌ በሰማው ያላችሁት ማንን ነው? ለዚያ ሰው ምክር አትውሰዱለት። ምናልባት እሱም ስንት ዓመት ሲጠብቃችሁ ኖሮ ይሆናል። ሂዱና ምን እንደሆነ ጠይቁት።