ከከበሮ ድምፅ ይሸሽ የነበረው ከበሮ መቺ

የእመቤታችን ወዳጆች ሆይ፥ ጆሮአችሁን አዘንብሉና በወይራ አምባ ማርያም የሆነውን ስሙ። በዚያች ደብር ወልደ ሐና የሚባል ከበሮ መቺ ነበረ፤ ወፍ ሲንጫጫ ተነሥቶ፥ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ፥ «ሰላም ለኪ» ሳይላት እህል ውኃ አይቀምስም ነበር፤ ይህም ከልጅነቱ ጀምሮ የገባላት ስእለት ነው። በከበሮውም ቢሆን ማን ይወዳደረው! እርሱ ሲመታ ባልቴቶች እንኳ ምርኩዛቸውን ጥለው ያሸበሽቡ ነበር።

ከዚህም በኋላ ጦርነት ሆነና ዘመተ፤ በአንድ ገደል ውስጥ የመድፍ ጥይት ወደቀባቸውና ባልንጀራው ፈንቴ ሞተ፥ እርሱ ብቻ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሰው ሁሉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ!» ይለዋል፤ እርሱ ግን ገና ከገደሉ አልወጣም ነበር። ከበሮ በተመታ ቁጥር መድፉ ይሰማዋልና በላብ ይጠመቃል፤ ከዚያም ከማኅሌቱ መካከል ሮጦ ይወጣና በአረቄ ቤት እስኪደነዝዝ ይጠጣ ነበር። ወይ አበሳ! ነገር ግን በስካሩ ማግስት እንኳ፥ ምላሱ እየተኮላተፈም ቢሆን፥ ሰላምታዋን አላስታጎለም።

የነፍስ አባቱ መምሬ ድንቁም አዘኑና ሁለተኛ አረቄ እንዳይቀምስ ገዘቱት፤ አፈረሰው። ደግመው ገዘቱት፤ ደግሞ አፈረሰ። ግዝት ያፈረሰ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለመቅረብ ያፍራልና፥ ከኀፍረቱ የተነሣ አብልጦ ጠጣ። ሚስቱ ስንዱም «ጠላትህ ይፈር፤ ና ወደ ደጇ እንሂድ» እያለች ብታለቅስ እንቢ አላት። በመጨረሻም መምሬ፥ «ለኅዳር ጽዮን ካልመጣህ ከበሮህን ለሌላ እሰጣለሁ» አሉት፤ ይህም ነገር አንጀቱን ቆረጠው።

ከዚያም አንድ ማለዳ ሰላምታዋን ሲያደርስ ከዕንባው ብዛት አሸለበና፥ እመቤታችን ብርሃን ተጎናጽፋ ተገለጠችለት፤ በቀኟም ፈንቴ ቆሞ ነበር፥ በልብሱም ላይ ደም አልነበረም። እርሷም «ወዳጄ ሆይ፥ ስለ አረቄው ስንት ጊዜ ተናዘዝህ! ስለ ገደሉ ግን ለማን ነገርህ?» አለችው።

ነቅቶም ወደ መምሬ ገሠገሠና ሁሉን ነገራቸው፤ ፈንቴ ስሙን እየጠራ ሲጮኽ እርሱ መሸሹን ጭምር። መምሬም አለቀሱና «ልጄ፥ ይቅር በለኝ፤ ቁስሉን ሳላይ ገዘትሁህ» ብለው ግዝቱን ፈቱለት። ከዚያም በየማለዳው ጠበል ያጠምቁት ጀመር፤ ከተጠመቀም በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ እጁን ይዘው፥ ከበሮውን በቀስታ እያስመቱ፥ ጥቂት በጥቂት ወደ ቅጥሩ ያቀርቡት ነበር። አንድ ጊዜ ከመንገድ ተመለሰና ጠጣ፤ በማግስቱ ግን አልተደበቀም፥ መጣ።

ኅዳር ጽዮንም ደረሰና ታቦቷ ስትወጣ ከበሮው ተመታ፤ ወልደ ሐናም መድፉን ሰማ፥ እግሩም ወደ አረቄ ቤት ዞረ። በዚያን ጊዜ ለስላሳ እጅ በትከሻው ላይ ሲያርፍ ተሰማው፤ ዘወር ቢል ማንም የለም፥ መድፉም ከጆሮው ጸጥ ብሏል። ሕዝቡን ሰንጥቆ ገባና ከበሮውን ተቀብሎ አነገተ፥ መታውም! ስንዱ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወድቅ ዘለለች፤ «እዩልኝ የእኔን ሰው! እዩልኝ!» እያለች እልልታዋን አቀለጠችው። መምሬ ድንቁም እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወልደ ሐና ግን ከፍ አድርጎ እየመታ «ፈንቴ፥ ትሰማለህ? ዛሬስ አልሸሸሁም!» አለ፤ እመቤታችንንም እስኪመሽ አመሰገነ።

እርሱን ከገደሉ ያወጣች እመቤት፥ እኛንም ከተደበቅንበት እጃችንን ይዛ ታውጣን፤ ያልተናገርነውን ሕመማችንን ትስማልን፤ ይህን ለሰማችሁትም ሁሉ፥ ቤታችሁን ከዕንባ፥ ልጆቻችሁን ከጦር ትጠብቅላችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።