አልነቅልም ያለው መንቀያ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለት ለምዶባችኋል። ዛሬ «የፍየል በረት» በሉልኝ፤ የዛሬዋ ባለታሪክ ላም የላቸውም። ያላቸው ዛጎል የምትባል አንዲት ፍየልና ሁለት ሳምንት የሆነው ግልገሏ ነው። ግልገሉ መንታ ሆኖ ነበር የተወለደው፤ ወንድሙ በሦስተኛው ቀን ሞተና እሱ ብቻ ተረፈ፤ እሱም ቢሆን ከሞት ለጥቂት ነው።

እትዬ ደብሪቱ የሚኖሩት ቆላ ውስጥ፣ ባቡር ለመጨረሻ ጊዜ ከመጣባት አሥራ አንድ ዓመት ባለፋት አንዲት ትንሽ ጣቢያ አጠገብ ነው። ባቡሩ ቀረ እንጂ ጣቢያው አልቀረም። ሹም አለው፣ መጋዘን አለው፣ ማኅተም አለው፣ ሁለት የሀዲድ ሠራተኞችም አሉት። የሌለው ሥራ ብቻ ነው። የእትዬ ደብሪቱን በረት ሟች ባላቸው የሠሩት ከሀዲድ ሥር ወጥተው የተጣሉ አሮጌ እንጨቶችን አቁመው ነው። በሩም ከዚያው ነው፤ ሬንጅ የጠጣ፣ መጥረቢያ የማይበግረው።

አንድ ጠዋት የጣቢያው ሹም አቶ ግርማቸው ሰሌዳ አስጻፈ። አንቱ ልለው አስቤ ነበር፤ ለምን እንደተውኩት ወደ ኋላ ይገባችኋል። ሰሌዳው «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ለሁለቱ ሠራተኞች ሰጣቸውና በጣቱ እንኳ ሳይጠቁም «እንጨቱ ላይ ምቱት» ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የመጋዘኑን በር ማለቱ ነበር። ለሀዲድ ሠራተኛ ግን እንጨት ማለት ከሀዲድ ሥር የሚጋደመው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማገዶ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሰሌዳ ተሸክመው ዞር ዞር ቢሉ፣ ቆሞ ያገኙት የሀዲድ እንጨት የእትዬ ደብሪቱ በረት ሆነ። የሚያውቁት ሚስማርም የሀዲድ ሚስማር ብቻ ስለሆነ፣ ስንዝር የሚያህለውን ብረት በትልቁ መዶሻ እስከ አንገቱ ቀበሩት። ሰሌዳውን ከበሩ፣ በሩን ከመቃኑ ጋር ሰፉት። ከውስጥ ፍየል ስትጮኽ ሰምተዋል። የማን ናት ብለው አልጠየቁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነዚህስ ነቅንቀው ቢተዉት በምን ዕድላችን። ቸንክረውት፣ ሥራ ሠርተናል ብለው፣ ለሳምንት እረፍት ወደ አገራቸው ሄዱ።

እትዬ ደብሪቱ ያን ጊዜ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ነበር። ግልገሉ፣ ጠዋት እናቱ ታልባ የተረፈውን እንዲጠባ፣ ሌሊቱን ቤት ውስጥ ተለይቶ ያድራል። ውሃቸውን አስቀምጠው፣ ግልገሉን በነጠላቸው አቅፈው በረቱ ጋ ቢደርሱ በሩ ንቅንቅ አልል አለ። ዛጎል ከውስጥ ትጮኻለች፤ ግልገሉ ከውጭ ይጮኻል። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ሳትበረታ ይህ አንድ ሚስማር ወጥቶ፣ ይህ አንድ ልጅ እናቱን እንዲጠባ።

«ሚስማር፣ እባክህ ውጣልኝ» አሉት።

«የመታኝ መሥሪያ ቤት ነው» አለ ሚስማሩ። «በአንቺ ቃል አልወጣም።» ሹመቱ ይህን ያህል ነው። በመዶሻ አናቱን ተብሎ የገባ ሁሉ የተሾመ ይመስለዋል።

እትዬ ደብሪቱ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ሰሌዳ ስለሌለው ማንም ሰተት ብሎ ይገባል። እዚያ አንድ ሚስማር መንቀያ ተኝቷል። ይህ መንቀያ ሁለት እግርና አንድ ረጅም እጀታ ያለው ብረት ነው፤ እጀታውን ሲጫኑት መንጋጋው ሚስማሩን አንገቱን አንቆ ጣት በጣት ያወጣዋል። ለዚህ ብቻ ተሠርቶ፣ ለዚህ ብቻ ከባሕር ማዶ መጣ።

«መንቀያ፣ ሚስማር ንቀልልኝ፤ ሚስማሩ በሩን አልለቅም አለኝ።»

«እኔ የሀዲድ ሚስማር እንጂ የፍየል ሚስማር አልነቅልም» አለ መንቀያው።

«የሀዲድ ሚስማር ነው እኮ።»

«የፍየል በር ላይ ከተመታ የፍየል ነው» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሚስማር ያልነቀለ፣ ሥራ ሲመጣለት ማዕረግ ያማርጣል።

እትዬ ደብሪቱ ተናደዱ። ከመጋዘኑ ጀርባ የቆመ አሮጌ ፉርጎ አለ፤ ዝገት እዚያ ይኖራል። «ዝገት፣ መንቀያውን ብላልኝ፤ መንቀያው ሚስማሩን አልነቅልም አለ፤ ሚስማሩ በሩን አልለቅም አለ፤ ዛጎል ከውስጥ ትጮኻለች፤ ግልገሉ ከውጭ ይጮኻል።»

ዝገት አገሳ። «ፉርጎውን በላሁ፣ የውሃ ጋኑን በላሁ፣ የሚዛኑን ክንድ በላሁ። ማንም ተው ያለኝ የለም። ጠግቤያለሁ፤ ለአንቺ ብዬ ሆዴን አላስጨንቅም» አለ። ዝገትን አልፈርድበትም፤ በዚያ ጣቢያ ከልቡ ሲሠራ የኖረው እሱ ብቻ ነው።

ወደ ዘይቱ ሄዱ። ዘይቱ በጀሪካን ታሽጎ ከመጋዘኑ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። «ዘይት፣ ዝገቱን አስለቅቅልኝ፤ ዝገቱ መንቀያውን አልበላም አለ፤ መንቀያው ሚስማሩን አልነቅልም አለ፤ ሚስማሩ በሩን አልለቅም አለ፤ ዛጎል ከውስጥ ትጮኻለች፤ ግልገሉ ከውጭ ጣቴን ይጠባል።» እውነታቸውን ነው፤ ግልገሉ ጡት ቢያጣ የእትዬ ደብሪቱን ትንሽ ጣት ይዞ ይምግ ጀመር።

«እኔ የባቡር ዘይት ነኝ» አለ ዘይቱ። «ከዝገት ጋር አልነካካም። ባቡሩ ሲመጣ አናግሪኝ።» ባቡሩ እንደማይመጣ ዶሮ እንኳ ታውቃለች። ዘይቱም ያውቃል፤ እጁ ንጹሕ ሆኖ መቀመጥ ስለተመቸው ነው።

አይጥ በመዝገብ ክፍል ይኖራል። «አይጥ፣ ጀሪካኑን ብሳልኝ፤ ዘይቱ ዝገቱን አልነካም አለ፤ ዝገቱ መንቀያውን አልበላም አለ፤ መንቀያው ሚስማሩን አልነቅልም አለ፤ ሚስማሩ በሩን አልለቅም አለ፤ ዛጎል ከውስጥ ትጮኻለች፤ ግልገሉ ከውጭ ጣቴን ይጠባል።»

አይጥ ጢሙን አሻሸ። «እኔ የወረቀት ሰው ነኝ። የጡረታ ፋይል ጨርሼ የዲሲፕሊን ፋይል ጀምሬያለሁ። ፕላስቲክ መቀርጠፍ ላልተማረ ነው፤ ሌላ ፈልጊ» አላቸው። ወረቀት የበላ ሁሉ የተማረ ከሆነ፣ የአገራችን ፍየሎች ሁሉ ሊቃውንት ናቸው።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። እትዬ ደብሪቱ ግልገሉን በነጠላቸው ጠርዝ ከልለው፣ በሹሙ መስኮት ላይ የተጋደመችው ድመት ዘንድ ቀረቡ። «ድመት፣ አይጡን ያዥልኝ፤ አይጡ ጀሪካኑን አልበሳም አለ፤ ዘይቱ ዝገቱን አልነካም አለ፤ ዝገቱ መንቀያውን አልበላም አለ፤ መንቀያው ሚስማሩን አልነቅልም አለ፤ ሚስማሩ በሩን አልለቅም አለ፤ ዛጎል ከውስጥ ትጮኻለች፤ የግልገሉ ድምፅ እየቀጠነ ነው።»

«አይጥ የሚያድነው ቤት የሌለው ድመት ነው» አለች። «እኔ የሹም ድመት ነኝ። ሰዓቱ ሲደርስ በሳህን ይመጣልኛል።» ይህን ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ከድመቷ በስተጀርባ አቶ ግርማቸው ተቀምጧል፤ ከግርማው የቀረለት ስሙና ባርኔጣው ነው። እትዬ ደብሪቱ እጅ ነሱ። «ጌታዬ፣ ድመትዎን ይቆጡልኝ። ድመቷ አይጡን አልይዝም አለች፤ አይጡ ጀሪካኑን አልበሳም አለ፤ ዘይቱ ዝገቱን አልነካም አለ፤ ዝገቱ መንቀያውን አልበላም አለ፤ መንቀያው ሚስማሩን አልነቅልም አለ፤ ሚስማሩ በሩን አልለቅም አለ፤ ዛጎል ከውስጥ ትጮኻለች፤ ግልገሉ ከውጭ…» አሉና ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አዩ። ግልገሉ ዝም ብሏል። ጣታቸውን ቢሰጡት አልያዘም።

አቶ ግርማቸው ነጠላው ውስጥ ያለውን ለማየት ቀና አላለም። «ሴትዮ፣ እኔ ሻይ በወተት ሳልጠጣ ሥራ አልጀምርም። ከሙሚና እስኪመጣልኝ እየጠበቅኩ ነው። ከዚያ በኋላ ማመልከቻ ይዘሽ ነይ።»

እትዬ ደብሪቱ ሹሙ ሻዩን ቶሎ ጠጥቶ ይነሣ እንደሆነ ብለው፣ ከሀዲዱ ማዶ ወዳለችው ወደ ሙሚና ሻይ ቤት በሩጫ ተሻገሩ።

«ሙሚና ልጄ፣ ለዚህ ሰው ሻዩን ቶሎ አድርሽልኝ። ዛሬ የሚነቅል ጠፋ፣ የሚንቅ ሞላ።»

«በምን ወተት?» አለች ሙሚና። «ወተቱ የዛጎል አይደል እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ እኮ ጣሳዬን አጥቤ እርስዎን እየጠበቅኩ ነው።»

እትዬ ደብሪቱ ሙሚናን አዩአት። ከዚያ ወደ ጣቢያው ዞረው የሹሙን መስኮት አዩ። ፊታቸው ላይ ከጠዋት ጀምሮ ያልነበረ ነገር መጣ።

«እንግዲያ አትስጪው።»

«ቀዩን ሻይ ልስጠው?»

«ቀዩንም አትስጪው።»

ወዲያው አቶ ግርማቸው በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ሙሚና፣ ሻዬስ?»

ሙሚና ወገቧን ይዛ መሀል ሀዲዱ ላይ ቆመች። የሙሚና አፍ ከሻይዋ ይልቅ ይፋጃል። «ሻይዎ ወተት ይፈልጋል፤ ወተቱ ዛጎልን ይፈልጋል፤ ዛጎል በር ትፈልጋለች፤ በሩ ሚስማሩ እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ሚስማሩ መንቀያውን ይፈልጋል፤ መንቀያው ዝገቱን ይፈልጋል፤ ዝገቱ ዘይቱን ይፈልጋል፤ ዘይቱ አይጡን ይፈልጋል፤ አይጡ ድመቷን ይፈልጋል፤ ድመቷ እርስዎን ትፈልጋለች። እርስዎ ደግሞ ሻይ ይፈልጋሉ።»

አቶ ግርማቸው በጣቱ እየቆጠረ ተከተላት። አሥረኛው ጣት ላይ ሲደርስ ራሱን አገኘው።

«ማነው ይህን ሚስማር የመታው?» ብሎ ጮኸ።

«የእርስዎ ሰሌዳ ነው የተመታበት» አለች ሙሚና።

ፊቱ ፍም መሰለ። የፍየሏ ጩኸት ያላስነሣው፣ የግልገሉ ዝምታ ያላስነሣው ሰው፣ ሻይ ቀረ ሲባል ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ድመቷን በባርኔጣው ሊመታ ሲል፣ ድመቷ «ኧረ አይጡን እይዛለሁ» አለች፤ ድመቷ አይጡን ልትይዝ ስትል፣ አይጡ «ኧረ ጀሪካኑን እበሳለሁ» አለ፤ አይጡ ጀሪካኑን ሊበሳ ሲል፣ ዘይቱ «ኧረ ዝገቱን አስለቅቃለሁ» አለ፤ ዘይቱ ዝገቱን ሊያስለቅቅ ሲል፣ ዝገቱ «ኧረ መንቀያውን እበላለሁ» አለ፤ ዝገቱ መንቀያውን ሊበላ ሲል፣ መንቀያው «የፍየልም ቢሆን እነቅላለሁ» እያለ በሁለት እግሩ ተንገዳግዶ በረቱ ጋ ደረሰ። ይኸው ነው ታላቅነታቸው። ሁሉም እችላለሁ የሚሉት ከኋላቸው ባርኔጣ ሲነሣ ነው።

መንቀያው ጎኑን በሩ ላይ አስደግፎ የሚስማሩን አንገት ነከሰ። እትዬ ደብሪቱ ግልገሉን ለሙሚና ሰጥተው እጀታውን በሁለት እጃቸው ያዙና ተጫኑ። ቀጭ አለ፤ ሚስማሩ ጣት ያህል ወጣ። «የመሥሪያ ቤት ትእዛዝ…» ማለት ጀመረ። ደግመው ተጫኑ። ቀጭ። በሦስተኛው ሚስማሩ ቃሉን ሳይጨርስ መሬት ላይ ወደቀ፤ ከሰሌዳው ጋር። ሲያዩት ከሌላው ሚስማር የሚለየው ነገር አልነበረም።

ዛጎል በሩን በግንባሯ ገፍታ ወጣች። ሙሚና ግልገሉን ከሥሯ አስቀመጠችው። አንገቱን ማቅናት አቃተው። እትዬ ደብሪቱ ተንበርክከው ጡቷን ጨመቅ አደረጉና ጠብታውን ከንፈሩ ላይ አኖሩለት። ምንም አላለም። ሁለተኛ ጠብታ አኖሩለት። ምላሱ ወጣችና ላሰች። ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ራሱ ያዘ፤ ጭራውም መወዛወዝ ጀመረች። እትዬ ደብሪቱ ከጠዋት ጀምሮ ይዘውት የነበረውን እንባ ያን ጊዜ ለቀቁት፤ ከደስታ ነው፤ ከንዴትም ጭምር።

አቶ ግርማቸው ባዶ ብርጭቆውን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ መጣ። ድንገት አንቱታም ትዝ አለው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ ደብሪቱ። ያው እኔ ነኝ ያስነቀልኩት። ለሻይዬ ያህል ትንሽ…» አለና አንድ እግሩን ወደ በረቱ አስገባ።

እትዬ ደብሪቱ የወደቀውን ሰሌዳ አነሡና በሩ ላይ አጋደሙበት።

«ጌታዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉት። «ይህ ምን ይላል? እስቲ ያንብቡልኝ።»

አቶ ግርማቸው ወደ ሰሌዳው አየ። ራሱ ነው ያስጻፈው። «ያለ… ሥራ… መግባት… ክልክል ነው» ብሎ አነበበ።

«እንግዲያ ሥራ ሲኖርዎት ይምጡ» አሉት።

አቶ ግርማቸው እግሩን መለሰ። ግልገሉ እስኪጠግብ ጠባ።

ተረቴን መልሱ፤ መንቀያውንም ካነሣችሁበት መልሱ።