ዘበኛው ሲያለቅስ የሳቀች ከተማ

ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ። የምነግራችሁ ታሪክ ጊዜያችሁን ባይክስ ውቀሱኝ።

አንድ የክፍለ ሀገር ተዋናይ ነበር፤ ጋሽ ሽባባው ይባላል። በከተማው መድረክ ሃያ ዓመት ንጉሥ ሆኖ ተውኗል። በአካባቢው ሬዲዮ ድራማ ደግሞ ዳኛ ነበር፤ ፍርድ ሲሰጥ ባለሱቁ እንኳ ስኳር መመዘኑን ትቶ ያዳምጠዋል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ተወልዶ ባደገበት አነጋገር ነው። ልብ በሉ፣ ማንም አልሳቀበትም።

የቀረው ምኞቱ ፊልም ነበር። አንድ ቀን ከዋና ከተማ ፊልም ሠሪዎች መጡና መረጡት። ዳይሬክተሩ የዘበኛ ኮፍያና ዱላ ሰጠው። ዘበኛው ልጁ መሞቱን ለአሠሪው የሚናገርበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣

«ጋሼ፣ እንዳገርዎ አድርገው ያውሩት፤ ሰው በሳቅ ይፍረስ!» አለው።

«ልጁ የሞተበት ሰው ምኑ ያስቃል?»

«አነጋገሩ ነዋ!»

«እንግዲያው ፊልሙ ውስጥ ያለውን የሐኪሙን ቦታ ስጠኝ። በዚሁ አነጋገር ልሥራው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሐኪም እንዲህ አያወራም።»

«የእኔን ዓይን ያበራልኝ ሐኪም እንዲህ ነው የሚያወራው!» አለና ኮፍያውን መሬት ላይ ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለፊልም የጠራው የለም።

ፊልሙ ግን ተሠራ። ሌላ ሰው አነጋገሩን እያጣመመ ዘበኛውን ሆነ። በዓመቱ ፊልሙ ወደዚያችው ከተማ አዳራሽ መጣ። ዘበኛው «ልጄ ሞተ» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ! የሳቁት እነማን ናቸው? በዚያው አነጋገር ልጅ የሚያባብሉ፣ በዚያው አነጋገር ሙሾ የሚያወርዱ የአገሩ ሰዎች።

ጋሽ ሽባባው ከመሀል ተነሣና አጠገቡ እንባው እስኪመጣ የሚስቀው ጎረቤቱ ላይ አፈጠጠ።

«አያ ደምለው! አምና ልጅህን ስንቀብር እንዴት ብለህ ነበር ያለቀስከው? ያን ቀን እኔ ሳቅሁብህ?»

አያ ደምለው አፉን በጋቢው ሸፈነ። ፊልሙ ብቻውን ማውራቱን ቀጠለ።

ዳይሬክተሩ ያናድደኛል። የሳቁት ግን የባሰ ያበግኑኛል! ሰው ሲንቅህ አብረኸው ከሳቅህ፣ ንቀቱን ፈርመህ ተቀበልክ ማለት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ስንት ጊዜ ፈርማችኋል?

ዛሬውኑ ሞክሩት። ፊልም ላይ የአንድ ሰው አነጋገር ሲያስቃችሁ፣ ያንኑ ቃል አባታችሁ ሲናገሩት አስቡ። ያኔም ካሳቃችሁ ሳቁ። ካላሳቃችሁ ግን ተነሡና እንደ ጋሽ ሽባባው ጠይቁ፤ ጮክ ብላችሁ።